የማይዘፍነው ክፍል

«አስላክ፣ እባክዎ ማንጎራጎሩን ይተዉት» ትላለች ሶልቬይ።

የሹራብ መርፌዎች ሁሉ ባንዴ ይቆማሉ። ከጠረጴዛው ዙሪያ ስምንት አዛውንት ቀና ብለው ያዩዋታል።

በዚህ ወደብ ላይ ባለ የአረጋውያን ቤት ጥናቷን ከጀመረች ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። አዛውንቱን በዕጣ ለሁለት ከፍላለች፤ ግማሾቹ ከግድግዳው ወዲያ ይዘፍናሉ፣ ግማሾቹ እዚህ ሹራብ ይሠራሉ። የሰው ልጅ አፉን በቃል ሳይፈታ በዜማ ይተሳሰር ነበር ብላ ታምናለች። የዘፈኑት ካልዘፈኑት ይልቅ ከተዋደዱ፣ ለእምነቷ ማስረጃ ታገኛለች። ለዚህ ደግሞ አንዱ ክፍል ዝም ማለት አለበት።

«ምን አጠፋሁ?» ይላሉ አስላክ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን የኖሩት ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ነው።

«አላጠፉም። ጥናቱ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«አምልጦኝ ነው። ያኔ መረብ ስንጎትት ካልዘፈንን እጃችን እኩል አይስብም ነበር። አሁን እነዚያን ስሰማ አፌ ሳላዘው ተነሣ።» ሽማግሌው ጉንጫቸው ይቀላል። «ይቅርታ ልጄ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አባቷ የሚሆኑ ሰው፣ ስለዘፈኑ ሶልቬይን ይቅርታ ጠየቋት።

«እኛ ምን በድለን ነው?» ይላሉ ራንዲ፣ በቁመት ከሁሉም የሚያንሱት፣ በዕድሜ ግን የሚበልጡት አሮጊት።

«ዕጣ ነው ራንዲ። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው።»

«ብቻ? በእኔ ዕድሜ?»

አንዱ ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ሶልቬይ ‹በቃ ዝፈኑ› ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ቃሉ ምላሷ ላይ አለ። ሁለት ዓመት የለፋችበት ሥራም አለ። መዝገቧን ከፍታ የምትጽፍ መስላ ታጎነብሳለች።

መርፌዎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከግድግዳው ወዲያ አዲስ ዘፈን ይጀመራል።

ትንሽ ቆይቶ ወለሉ ከእግሯ ሥር በቀስታ ሲመታ ይሰማታል። በጎን ታያለች፤ ከጠረጴዛው ሥር የራንዲ ነጠላ ጫማ ከዘፈኑ ጋር ወለሉን ይነካል። ከዚያ የአስላክ። ከዚያ የሁሉም። ፊታቸው ግን ሹራቡ ላይ ተተክሏል፤ አስተማሪ እንዳያያቸው እንደሚሰጉ ልጆች ናቸው።

ቀና ስትል ስምንቱም እግሮች ቀጥ ይላሉ።

ዓይኗን ወደ ባዶው ገጽ ትመልሳለች፤ እንዲቀጥሉ።