የወንድሜ ልጅ አይደለችም

አባቷ ኑዛዜ ሳይተው ድንገት ሞተ። ልጅ ካለው የአዳማው ቤት የልጁ ነው፤ ከሌለው ግን ለወንድሙ ያልፋል።

አጎቷ ችሎት ፊት ቆሞ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ይቺ የወንድሜ ልጅ አይደለችም! አሳዝናው አሳደጋት እንጂ አልወለዳትም» ሲል፣ ልጅቷ የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ያዘች። ይህ ሰው ድሮም አይወዳትም፤ ለዓመት በዓል እንኳ ጉንጯን ሲስማት ዓይኗን አያይም ነበር።

ዳኛው ቀና አሉ። «በምን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እንዲሁ አውቃለሁ አይሆንም። የወለዳት ሌላ ሰው ከሆነ ይጥሩትና መጥቶ ይመስክር።»

አጎቷ ላቡን ጠረገ። ቤቱ ከእጁ ሊያመልጥ ነው። ዞር ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት።

«መጥቷል» አለ። «ያኔ የካድኳት እኔ ነኝ።»