የጌጡ ጥፋት

ጌጡ ምንሽር ጠመንጃውን የተቀማው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከጋሳይ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄድ፣ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር፣ አምስት ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጥተው «ቁም! ንቅንቅ እንዳትል!» አሉት። ቆመ። ምንሽሩንና ዝናሩን ወሰዱ። በቅሎውን አልነኩበትም። ለጣሊያኑ ሹም እጅ መንሻ የያዘውን ማር እንኳ አልቀመሱለትም።

መቼም ሰው ሲዘረፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘራፊው አይደለም። ዘራፊው የለማ! ያለው የተዘረፈው ነው።

ጊዜው የዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ነው። የደብረ ታቦሩ ጣሊያን፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ እስከ ኅዳር ሚካኤል ያስረክብ ብሎ አውጇል። አዋጁ ብዙ ዝርዝር ነበረው። ሁለት ሆኖ ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ሽፍታ ነው። ስለዚህ ሁሉም ለየብቻው፣ በተቆረጠለት ቀን፣ በአውራው መንገድ፣ ጥይት ሳያጎርስ ይምጣ።

ከጌጡ በፊት ከዚሁ አገር ሁለት ሰዎች ተዘርፈዋል። ይርጋን የዘረፉት ሦስት ናቸው። የአገሩ ጭቃ ሹም ፈንታሁን «አንተ እንቅልፋም!» ብለው ሰደቡት፤ ሃያ ጅራፍ ቀመሰ፤ ከዚያ ከሐፍረቱ የተነሣ አንበሳሜ ካሉት አማቶቹ ዘንድ ገባ ተባለ። በላይነህን አራት ሆነው ዘረፉት። እሱም ተሰደበ፣ ተገረፈ፣ «ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ» ብሎ አገር ለቀቀ። የደጋ ሰው ሲያፍር እንዲህ ነው።

በሦስተኛው የጣሊያኑ ትዕግሥት አለቀ። አስተርጓሚውንና ወታደሮቹን አስከትሎ ራሱ መጣ። ይህ አገር አውጫጭኝ የሚባል ደንብ እንዳለው ሰምቷል። ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ምሎ የሚያውቀውን ያወጣል፤ ነገሩ ሳይለይለት ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ጣሊያኑ ደንቡን ወደደው። ወንበር አስመጥቶ ከሜዳው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ከራሱ በላይ ከቅርንጫፉ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ጠመንጃውን ለሽፍታ ወዶ ሰጥቶ ከሆነ ይሰቀላል፤ ቤቱም ይቃጠላል» አለ አስተርጓሚው። «በዝንጉነቱ ተቀምቶ ከሆነ ሃያ ጅራፍ ነው። አገሩ ይናገር።»

ሰው ሁሉ በተራ እየተነሣ «ዘራፊ ሲዘርፍ አላየሁም» ብሎ ማለ። እውነቱን ነው፤ ማንም አላየም። ቀጥሎ ወደ ጌጡ ዞሩ። ጌጡ እጁን ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ለምን ብቻህን ሄድህ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«ብቻህን ና ተባልሁ።»

«ቢባልስ! ጠመንጃ ተይዞ ብቻ ይኬዳል? ለምን አልተኮስህም?»

«ጥይት አታጉርስ ተባልሁ።»

«ባዶ ጠመንጃ ተሸክሞ መንገድ ለመንገድ! በጓሮ መንገድ ብትሄድስ ምን ነበረበት?»

«በአውራው ና ተባለ እኮ፣ ጌታዬ።»

«ዝም በል! ሁሉን በሰው ታላክካለህ እንዴ!»

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ትንሽ ተንተባተበ። ጣሊያኑ ግን በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

ቄስ ሞላ ተነሡ። «የሚሄድበትን ቀን ገበያ ላይ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፉን ቢሰበስብ ማን ያውቅበት ነበር?»

ጨው ነጋዴው ሸሪፍ ደግሞ «በዚያ መንገድ ጨው ስጭን ወላሂ አሥር ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን አልተነካሁም» አለ። «እንደ ሰው አያያዝ ነው።»

ከሁሉ የከፋበት ጎረቤቱ ሙላቴ ነው። «ነጭ ኩታውን እንደ ሙሽራ አጣፍቶ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ዝረፉኝ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው፤ እኔ እንደሱ ጅል አይደለሁም!»

ጣሊያኑ አሁንም ገመዱን ቀና ብሎ አየ። ያን ጊዜ የጌጡ ሚስት እቴነሽ ልጇን እንዳዘለች ወደ መሐል ገባች።

«ጌቶች፣ ይህን ሰው ስምንት ዓመት ችዬዋለሁ» አለች። «በሬ ጠፋብኝ ብሎ በሬው ከኋላው ቆሞ ሲፈልገው የዋለ ሰው ነው። ለራሱ ምሥጢር መያዝ አይችልም፤ ሰምቶት ይረሳዋል። ይሄ ነው ከሽፍታ ጋር የሚዶልተው? ሽፍታውስ ቢሆን ምን ቆርጦት ይሄን ያምናል?»

ሰው ሳቀ። አስተርጓሚው እየሳቀ ተረጎመ። ጣሊያኑም ሳቀ። እቴነሽ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗን ከገመዱ አልነቀለችም።

«ጅል ነው» አለ ጣሊያኑ በመጨረሻ። ገመዱ ወረደ። ጌጡ ሃያውን ጅራፍ ጠጥቶ ተፈታ። ጭቃ ሹም ፈንታሁን አልበቃቸውም፤ «ያገር ማፈሪያ! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላየው!» ብለው ጮኹበት። ጣሊያኑ ይህን ሲያይ እጃቸውን ጨብጦ አመሰገናቸውና ሄደ።

ጌጡ ሐፍረቱን አልቻለውም መሰለኝ፣ በሦስተኛው ቀን እቤቱ አልተገኘም።

በሳምንቱ የሙላቴ ተራ ደረሰ። ምንሽሩን አንግቶ ብቻውን በአውራው መንገድ ወረደ። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ስድስት ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጡ።

ሙላቴ ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ለፊተኛው ሰው አቀበለና፣ «ጌጡ፣ ጀርባህ ተሻለህ?» አለው።