ስለ ጤናዋ

ባሏ እንግዳው ለመናገር እጁን ሲያወጣ ወርቅአየሁ ደስ አላት። እሱ ስብሰባ የሚባል ነገር አይወድም። እሷ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆና በቆየችባቸው አምስት ዓመታት አንድም ቀን የቀበሌውን አዳራሽ ረግጦ አያውቅም። ዛሬ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀምጧል። ነዋሪው ዕጩዎችን ተችቶ ይሁን ያለውን ለምርጫው የሚያሳልፍበት ቀን ነው።

ሌሎቹ ዕጩዎች አልፈዋል፤ የቀረችው እሷ ናት። ስሟ ሲጠራ ከኋላ ያሉት አጨብጭበውላታል። ባለፈው ክረምት ከገበያው በታች ያለው መስክ ለቤት መሥሪያ ይሸንሸን የሚል ሐሳብ ምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ፣ ብቻዋን ተነሥታ፣ ተከራክራ ያስቀረችው እሷ ናት። ከብቱ የሚውለው እዚያ ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት ፈረስ የሚጋለበውም እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ የዛሬው ሰብሳቢ ክንዴ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰላምታውን ያሳጥራል።

ክንዴ፣ አቶ እንግዳው ይቀጥሉ አለ።

እንግዳው ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። ለሽምግልና እንደ ተላከ ሰው ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። ሚስቱ ለሰው ጉዳይ ስትሮጥ የራሷን ቤት እንደረሳች፣ በዝናብ በጭቃው ስትወጣ ስትወርድ ከልካይ እንዳልነበራት አወራ። ወርቅአየሁ አንገቷን ደፋች። ባሏ በሰው ፊት ሲያመሰግናት ሰምታ አታውቅም፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ነበር ያሳፈራት።

"አንድ የደበቅናችሁ ነገር ግን አለ" አለ እንግዳው። "አምና በጥር ዳንግላ እህቷ ዘንድ ሠርግ ሄዳለች ብለናችሁ ነበር። ሠርግ አልነበረም። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝታ ነው። ማሕፀኗን አውጥተውላታል።"

ወርቅአየሁ ቀና አላለችም። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለእናቷ አልነገረችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት ላደገችው ለየሻረግ እንኳ አልነገረችም። ከሆስፒታል ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ፣ እጇን ይዞ፣ ከእኔ አፍ አይወጣም ያላት እሱ ራሱ ነው።

"ሐኪሙ እረፊ ብሏታል። እሷ እሺ አትልም፤ ታውቋታላችሁ። እንግዲህ እናንተ አሳርፉልኝ።"

ሐኪሙ እረፊ ያላት ቁስሉ እስኪደርቅ ነበር።

ከሴቶቹ በኩል ውይ፣ ውይ የሚል ድምፅ ተሰማ። ክንዴ አልደነገጠም። ራሱን በሐዘን ነቀነቀና፣ እንዲህ ከሆነ በወይዘሮ ወርቅአየሁ ምትክ አቶ አበረ እንዲወዳደሩ ሐሳብ ቀርቧል አለ። ከተሰበሰበው ሰው አንድም እንዲህ ያለ ሐሳብ ያቀረበ አልነበረም። አበረ የእንግዳው ታናሽ ወንድም ነው። ከፊት ተቀምጧል፤ እሱም ኮት ለብሷል። ከመስኩ ዳር ቦታ እንድታሰጠው ያልለመናት ጊዜ የለም። እንግዳውም አንድ ቀን እራት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲያገኝ እኛ ምን በደልን ብሏት ስቃ አልፋው ነበር።

ተነሥታ ቆመች።

"የነገራችሁ እውነት ነው፤ ታምሜ ነበር" አለች። "ድኛለሁ። ስለ መስኩ ስከራከር ያያችሁኝ ከዳንኩ በኋላ ነው። ደከመኝ፣ አሳርፉኝ ብዬ ማንንም አልለመንኩም።"

ቢዋሽ ኖሮ ዋሸ ትል ነበር። እሱ ግን የገዛ እውነቷን ነው አውጥቶ የሰጠባት፤ ስለ ቦታው የተረፈውን ብትናገር ደግሞ የምታዋርደው የልጆቿን አባት ነው።

ክንዴ፣ ይረፉ የምትሉ እጅ አውጡ አለ። ከወንዶቹ ያወጣም ያላወጣም ነበር። ሴቶቹ ግን፣ ጠዋት በር ላይ አቅፈው ዛሬማ እናሳልፍሻለን ያሏት ሴቶች፣ አንዷ ሌላዋን እያየች ሁሉም አወጡ። የሻረግ በአንድ እጇ ነጠላዋን ዐይኗ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፤ ሌላው እጇ ወደ ላይ ነው።

"ለአንቺው ብዬ ነው፣ እህቴ" አለቻት፣ እጇን ሳታወርድ።

ስብሰባው ሲያበቃ ሰው ለመውጣት አልቸኮለም። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው በዝግታ ወደ አግዳሚው እየመጣ፣ እግዜር ይማርሽ እያለ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ያልፋል። መልሱን የሚሰጠው እንግዳው ነበር። ከጎኗ ቆሞ፣ አሜን፣ ያኑርልን እያለ ለእያንዳንዱ እጅ ይነሣል።

ሰዉ ሲሳሳ ጎንበስ አለላት። "ተቀየምሽ እንዴ? ለጤናሽ አስቤ እኮ ነው።"

"ስንት ካሬ ነው?" አለችው።

የእንግዳው ዐይን ወንድሙን ፍለጋ ወደ በሩ ሄደ። አበረ በሩ አጠገብ ከክንዴ ጋር ቆሞ ይስቃል።

ወርቅአየሁ ነጠላዋን አስተካክላ በመካከላቸው አልፋ ወጣች። ጎዳናው ዳር አንድ ጋሪ ቆሟል። ባለጋሪው ወሬው ደርሶት ኖሮ ወርዶ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። እጁን ሳትይዝ ወጣች። እንግዳው የአዳራሹ ደረጃ ላይ ሆኖ በስሟ ይጣራል።

"እትዬ፣ ጋሼ እንግዳው እስኪመጡ ልጠብቅ?" አለ ባለጋሪው።

የጋሪው መቀመጫ ለሁለት ሰው ነው። ወርቅአየሁ ወደ መሐል ጠጋ ብላ፣ ቀሚሷን ግራና ቀኝ ዘርግታ ተቀመጠች።

"ሞልቷል" አለችው። "ንዳው።"