እኔ ነኝ

በአገሩ ሕግ ድምፁን የሸጠ ሰው በዚያ ድምፅ ዳግመኛ አይናገርም። የሮክ ዘፋኙ አቤኔዘር ያንን ሻካራ ድምፁን ሸጦታል፤ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ድምፁ አልበም ያወጣል፣ ፊልም ይሠራል፣ በቴሌቪዥን ድራማ ይተውናል። ለእሱ በምትኩ የማንም ያልሆነ ለስላሳ ድምፅ ተገጥሞለታል።

ከሸጠ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይነ ስውር እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ በር አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ እንደ ልጅነቱ።

በሩ ገርበብ አለ። «ማንን ፈልገው ነው?»

እናቱ በዕድሜ ዘመኑ አንቱ ብለውት አያውቁም። ስሙን ሊነግራቸው ሲል ከሳሎኑ ቴሌቪዥን የገዛ ድምፁ ተሰማ። የእናቱ ፊት በራ።

«የኔ ጌታ፣ አንዴ ዝም ይበሉልኝ» አሉት። «ልጄ እያወራ ነው።»