ሦስተኛው ብርጭቆ

«ሁለተኛው ወይን ይበልጣል ስልሽ!» አለ ሐኪሙ ጠረጴዛውን እየደበደበ።

«ያንተ ምላስ ከሽሮፕ ሌላ ምን ያውቃል? ዳኛችን ይፍረደን!» አለች አስተማሪዋ፤ የወይን ፋብሪካውን ቀማሽ፣ የሁለቱንም ጓደኛ፣ ዓይኑን በሻርፗ አሰረችው።

ቀማሹ ክው አለ። አንድ ጊዜ ከያዘው ክፉ ጉንፋን ወዲህ ምላሱም አፍንጫውም በድን ነበሩ፤ ፋብሪካው ቢሰማ አንድ ቀን አያሳድረውም። እስካሁን ያዳነው፣ ከመናገሩ በፊት የሌሎችን ፊት ማየቱ ነበር። አሁን ግን ጨለማ ብቻ ሆነ። ከሁለቱ በፊት ሦስተኛውን ብርጭቆ «ነጭ ወይን ነው» ብለው ሲያቀብሉት አሸተተ፤ ተጎነጨ። ከቅዝቃዜው በቀር ምንም አልነበረም።

«ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ትንሽም ማር» አለ።

ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ውሃ እኮ ነው! አንተ ቀልደኛ፣ መልሰህ በእኛው ተጫወትክብን!» አለ ሐኪሙ፤ ወዲያውም ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

ቀማሹ ሻርፑን ፈታ፤ አጣጥፎ ከብርጭቆው ጎን አኖረና ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።