የዋስትናው ዘይት

«ልጄ፣ ዘይት ሁሉ ያው ዘይት አይደለም?» አሉኝ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን፣ የአስተዳዳሪያችን ቢሮ በር ላይ እንደ ቆሙ።

ጎንበስ ብዬ ማንበቤን ቀጠልሁ። ጠረጴዛው ላይ የአምቡላንሷ የዋስትና ደብተር ተከፍቷል። አዲስ ናት፤ መሥሪያ ቤታችን ከገባች አራት ወሯ ነው። ሞተሯ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። ደብተሩ ባለ ሠላሳ ቁጥር ዘይት ብቻ ይላል፤ ሌላ ከተጨመረ ዋስትናው ይሰረዛል። ትናንት ድንጋይ ከሥሯ መትቷት ዘይቷ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ቀዳዳውን በይጄ ደፈንሁ። ዘይቱን ግን ከየት ላምጣ? መጋዘናችን ውስጥ ያለው ለትራክተር የመጣ ወፍራም ባለ ሃምሳ ነው። ትክክለኛው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ሦስት ቀን ይፈጃል።

የመሪጌታ ልጅ የሺአረግ ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ላይ፣ ምጥ ከያዛት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። አባቷን ቀንና ሌሊት የተቀዘፈ ታንኳ አመጣቸው፤ እሷን ግን ታንኳ አይችላትም። ባለ ሞተሯ ጀልባ ጎርጎራ ሄዳለች። ሌሎቹ መኪኖቻችን በሙሉ ለሰፈራው ዘመቻ ተወስደዋል።

አስተዳዳሪያችን ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

«ባለሙያው አንተ ነህ። ይህ ዘይት ይሆናል ካልህ፣ በኃላፊነቴ ጨምሬያለሁ ብለህ ፈርም። አሁኑኑ ትነሣለች።»

«ሞተሩ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ» አለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ።

መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው መካኒክ ወልደ ዮሐንስ አንድ የውሃ ፓምፕ ተቃጠለበትና፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ሠርተሃል ተብሎ ከዚሁ ጋራዥ ተወሰደ። ሚስቱ እናትዓለም ስንቅ ይዛ ሁለት ወር እስር ቤቱ በር ተመላለሰች። አንድ ጠዋት ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት።

ባለ ሃምሳው ቁንዝላ ደርሶ ይመልሳል። ሃያ ዓመት ሞተር ስፈታ ኖሬ ይህ አይጠፋኝም። በዱርቤቴ በኩል ቀስ ብሎ ሄዶ፣ ሲመለሱ ዘይቱን ገልብጦ ሞተሩን ማጠብ ነው። እስክሪብቶውን አነሣሁ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍሁ። ከዚያ ሚስቴ አገልግል ይዛ እስር ቤቱ አጥር ሥር ቆማ በዓይነ ልቦናዬ ታየችኝ፤ እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥሁ።

«አይሆንም» አልሁ።

«ምኑ ነው የማይሆነው፣ ልጄ?»

«ዘይቱ ወፍራም ነው፣ አባቴ። ዱርቤቴን ሳያልፉ ሞተሩ ይቃጠላል። መንገድ ላይ ነው የምትቀሩት።»

ተክለ ጊዮርጊስ ቀና ብሎ አየኝ። ከሹመቱ በፊት እሱም ሾፌር ነበር፤ ሞተር ያውቃል። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

መሪጌታ አመኑኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይሁን እንግዲህ። በተስፋ ሳታጉላላኝ ስለ ነገርኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታንኳው ሳይሄድ ልድረስበት። ብቻዋን አትሁን።»

ሊሰናበቱኝ እጃቸውን ዘረጉ። እኛ መካኒኮች እጃችን በዘይት ሲነከር እንደምናደርገው፣ መዳፌን አጥፌ የእጄን አንጓ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ መረቁኝም። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረዱ።

እጄን ገልብጬ አየሁት። ንጹሕ ነበር፤ ያን ቀን ዘይት አልነካሁም።