የአምስት ደቂቃ ሥራ

እማማ ትርንጎ ካኮረፉ ሳምንታቸው ነው። አዲሱ ሕግ፣ ቤት ይፍረስ ብሎ የፈረመ የከተማ ፕላነር ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ እዚያው ይኑር ስለሚል፣ ናሁሠናይ ፍራሹን ተሸክሞ ሳሎናቸው ገብቷል። አሥራ ሁለት ዓመት ድልድይ የሠራ መሐንዲስ ነበር፤ ፕላነር ከሆነ ገና መንፈቁ ነው። እንግዳ ጦሙን አያድርም ብለው ራቱን ያቀርቡለታል እንጂ ቃል አይተነፍሱለትም።

ዛሬ ጠዋት ጣሪያው ፍራሹ ላይ ሲያንጠባጥብበት መዶሻ ይዞ በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጣ። ሦስት ሚስማር መታና፣ «አለቀ እማማ! አምስት ደቂቃም አልፈጀ» አለ ፈገግ ብሎ።

የእማማ ትርንጎ ደማቸው ፈላ።

«አምስት ደቂቃ? ታዲያ ይፍረስ ብለህ ስትፈርምብኝ መሐንዲስነትህን የት ጥለኸው ነበር? ወይስ ከመኪናህ ወርደህ ማየቱ ከበደህ?»

«እማማ፣ እኔ እኮ ያኔ...»

«ዝም በል!»

መሰላሉን ጎትተው መሬት ላይ ጣሉት። የማፍረሻውን ደብዳቤ ከመቀነታቸው ፈተው፣ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ሰክተው ወደ ላይ አቀበሉት። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ በየደጁ ወጥቷል።

«በል አንብብ፣ ሰፈሩ ይስማ! ‹ሊጠገን የማይችል› የምትለዋ ጋ ስትደርስ ግን ጮክ በል።»